ጫማ ሰፊ ይሁን የተባለው የአበባ ሊቅ

ስለ አንድ ታላቅ ሰው ልጽፍላችሁ ተነሥቼ ነገሩን ከፓፓያ ብጀምር አትታዘቡኝ። መቂ በሚገኘው የወላጆቼ ጓሮ ስድስት የፓፓያ ዛፎች ነበሩ። አራቱ ያፈራሉ። ሁለቱ ግን በረጃጅም ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ አበቦች ያወጣሉ እንጂ ዓመት እስከ ዓመት አንድ ፍሬ አያሳዩም። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ እነዚህ ውኃ በከንቱ የሚጠጡ ናቸው ብለው ሁለቱንም በመጥረቢያ ጣሏቸው፤ እኔም ግንዱን እየጎተትኩ ረድቻቸዋለሁ። በአቅራቢያችን ሌላ ፓፓያ የተከለ ሰው አልነበረም። በተከታዩ ወቅት ያፈሩ የነበሩት አራቱ ዛፎች አበባቸውን ያራግፉ ጀመር። የቀሩት ጥቂት ፍሬዎችም ትናንሾች ሆኑ፤ ሲቆረጡም ሆዳቸው ባዶ ነው፣ ያ ጥቁር ፍሬ የለም። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች፤ አባቴ መሬቱ ደክሟል አሉ። እኔ ደግሞ እውነቱን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ እዚሁ አዳማ፣ በተቋማችን የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ። ቆርጠን የጣልናቸው ወንዶቹን ኖሯል!

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ አላስተኛኝ አለ። ዕፀዋት ወንድና ሴት እንዳላቸው ለዓለም ያስተማረው ማን ነው ብዬ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ስም ካርል ሊኔየስ ሆነ። ስሙን ሁላችንም በሁለተኛ ደረጃ ተምረነዋል። ለፍጡራን ሁሉ ሁለት ሁለት ስም ያወጣው ሰውዬ እየተባለ ይነገረናል፤ ፈተና ላይ ይመጣል፤ ከዚያ ይረሳል። ሕይወቱ ግን በተለይ ለእኛ ለነገ መምህራን ብዙ የሚያነጋግር ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1707 በደቡባዊ ስዊድን፣ ሮስሁልት በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ኒልስ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሲሆኑ አትክልት መትከል እጅግ ይወዱ ነበር። የቤተሰቡ ስም እንኳ የመጣው ከዛፍ ነው፤ በርስታቸው ላይ ከቆመ ሊንድ ከሚባል ትልቅ ዛፍ ወስደው ሊኔየስ ተባሉ። ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ አበባ ሲሰጡት ዝም ይል ነበር ተብሎ ይነገርለታል። እንዲህ ያለው ወሬ ሰው ከታወቀ በኋላ የሚጨመር ሊሆን ይችላል፤ የሆነ ሆኖ አባቱ ገና በልጅነቱ የራሱን የአትክልት መደብ ሰጥተውት ነበር።

የወላጆቹ ምኞት ልጁ እንደ አባቱ ቄስ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ቬክሼ ወደሚባለው ከተማ ትምህርት ቤት ላኩት። እዚያ ነው ጣጣው የመጣው። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ማለት ላቲን፣ ግሪክ፣ ዕብራይስጥና ሃይማኖት ነው። ሊኔየስ ደግሞ ልቡ ያለው ሜዳ ላይ ነው፤ ዕፅ እየለቀመ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1726 አባቱ የልጃቸውን ውጤት ለመስማት ወደ ከተማ መጡ። መምህራኑም ይህ ልጅ ለቀለም ትምህርት አልተፈጠረም፣ ገንዘብዎን አያባክኑ፣ ይልቁንስ ልብስ ስፌት ወይም ጫማ ስፌት ያስተምሩት ብለው መከሯቸው። በእርግጥ ጫማ መስፋት የሚናቅ ሙያ አይደለም፤ እኔ ራሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት አጎቴ ጫማ እየሰፋ ባመጣው ብር ነው። ነገር ግን መምህራኑ ይህን ያሉት ልጁን ዐውቀውት አልነበረም። ተስፋ ቆርጠውበት ነው።

አባትየው በጣም አዘኑ። በዚያው ጉዟቸው ስለ ሕመማቸው ሊያማክሩ ወደ ዶክተር ሮትማን ዘንድ ሄዱ። ሮትማን የከተማው ሐኪም ነው፤ በዚያው ትምህርት ቤትም ያስተምራል። አባትየው የልጃቸውን ነገር ሲያጫውቱት ሮትማን መልሶ ልጁ ቄስ ባይሆን ጥሩ ሐኪም ይወጣዋል፣ ለእኔ ስጡኝ፣ እቤቴ አስቀምጬ አስተምረዋለሁ አላቸው። እንዳለውም አደረገ። ያለ ክፍያ ስለ ሰውነት አካላትና ስለ ዕፀዋት ያስተምረው ጀመር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አሳየው። ቫያን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1717 በፓሪስ ስለ አበቦች ወንዴና ሴቴ ክፍሎች ያሰማውን ንግግር አስተዋወቀው። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ መምህር፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ተስፋ የተቆረጠበት ተማሪ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊኔየስ ያገኘውን አበባ ሁሉ እየከፈተ ውስጡን ይቆጥር ጀመር።

እዚህ ላይ ስለ አበባ ጥቂት ካልተናገርኩ ቀጣዩ አይገባም። አበባ ስትከፍቱ ውጭ ያለው ቀለማማ ቅጠል ማስጌጫና መጥሪያ ነው። ዋናው ነገር መሐል ላይ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ቀጫጭን ዘንጎች ወንዶቹ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ከረጢት ሲፈነዳ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ይረጫል። በመሐል የምትቆመው ሴቲቱ ናት፤ ጫፏ የሚያጣብቅ ወይም ሻካራ ሆኖ ብናኙን ትይዛለች፣ ከሥሯ ደግሞ ዘር የሚሆነውን እንቁላል የያዘው ማህፀን አለ። ብናኙ ሴቲቱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ቱቦ ያበቅላል፤ ቱቦው በአንገቷ ውስጥ ወርዶ እንቁላሉ ዘንድ ይደርሳል። ሲገናኙ እንቁላሉ ዘር ይሆናል፤ ማህፀኑ ደግሞ ያብጥና ፍሬ ይሆናል። እኛ የምንበላው ፓፓያ ያበጠ ማህፀን ነው ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ሳነብ የሳቁ ጓደኞች ነበሩ። ይሳቁ።

ዕፀዋት ፆታ እንዳላቸው መጀመሪያ በሙከራ ያረጋገጠው ግን ሊኔየስ አይደለም። ካሜራርዩስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1694 ውጤቱን ጽፎ አሳውቋል። የሠራበት አንዱ ተክል የእኛው ጉሎ ነው፤ በየመንገዱ ዳር የምናየው። ጉሎ በአንድ ዘለላ ላይ ወንዱንም ሴቱንም ያወጣል። ሰውየው ወንዶቹን አበቦች ሳይፈነዱ እየለቀመ ጣላቸው፤ ሴቶቹ ፍሬ ሳይዙ ቀሩ። የበቆሎንም ፀጉር ቆረጠ፤ ፍሬ አልያዘም። የበቆሎ ፀጉር እያንዳንዱ ክር አንዲት ፍሬን የሚጠብቅ የሴቴ አንገት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እሸት ጠብሰን ስንበላ ክፍት ሆና የምናገኛት ቦታ ብናኝ ያልደረሳት ናት። ይህ ሁሉ ታዲያ ሊኔየስ ከመወለዱ 13 ዓመት በፊት የታወቀ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው አልሰማውም፣ የሰማውም ብዙው አላመነውም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ሊኔየስ በ1727 ሉንድ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ድህነት ጠናበት። የጫማው ሶል ሲቀደድ በወረቀት እየደለደለ ይሄድ ነበር ይባላል። (ጫማ ስፌት ቢማር ኖሮ ይሄ አይደርስበትም ነበር ብሎ አንድ ጓደኛዬ ቀልዷል።) አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው የአትክልት ቦታ ተቀምጦ አበባ ሲመረምር ኦሎፍ ሴልሲየስ የተባሉ የሃይማኖት ፕሮፌሰር አገኙት። እኚህ ሰው በቴርሞሜትር ስሙ የምናውቀው የአንደርስ ሴልሲየስ አጎት ናቸው። ዕፀዋትን በስማቸው እየጠራ ሲመልስላቸው ተገረሙ፤ ቤታቸው ወስደው ማደሪያና ምግብ ሰጡት። እሱም ገንዘብ የለውምና ለ1730 አዲስ ዓመት በእጁ የጻፈውን ትንሽ ጽሑፍ ስጦታ አድርጎ አበረከተላቸው። የጽሑፉ ጉዳይ የዕፀዋት ጋብቻ ነበር። በውስጡ የአበባውን ቅጠሎች ከሙሽሮች መኝታ ጋር አመሳስሏቸዋል። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ፕሮፌሰር ሩድቤክ ዘንድ ደረሰ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ በአትክልት ቦታው ቆሞ ሌሎችን እንዲያስተምር ፈቀዱለት። በጫማ ስፌት የተመከረው ልጅ በ23 ዓመቱ መምህር ሆነ።

በ1732 ወደ ላፕላንድ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ለምርምር ተጓዘ። ስለ ጉዞው ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አልፈዋለሁ። በ1735 ወደ ሆላንድ ሄዶ የሕክምና ዶክትሬቱን ከተቀበለ በኋላ በዚያው ዓመት ሲስቴማ ናቱሬ የሚለውን ሥራውን አሳተመ። ሲታተም ከአሥር ብዙ የማይበልጡ ትላልቅ ገጾች ነበሩት፤ ይዘቱ ግን ዓለምን አንቀጠቀጠ። ዕፀዋትን ሁሉ በ24 ክፍሎች መደባቸው፤ መለኪያውም ቅጠል ወይም ቁመት ሳይሆን በአበባው ውስጥ ያሉት የወንዶቹ ቁጥርና አቋም ነው። አንድ ወንድ ያለው አንደኛ ክፍል፣ ሁለት ያለው ሁለተኛ፣ እያለ ይሄዳል። ቡና አምስት ወንድና አንድ ሴት ስላለው አምስተኛው ክፍል ገባ። ወንዱና ሴቱ በተለያየ አበባ ሆነው በአንድ ተክል ላይ የሚኖሩት፣ እንደ ዱባና በቆሎ ያሉት፣ ሃያ አንደኛው ናቸው፤ አንድ ቤት ማለት ነው ስማቸው። ወንዱ በአንድ ዛፍ፣ ሴቱ በሌላ ዛፍ የሆኑት ደግሞ ሃያ ሁለተኛው፣ ሁለት ቤት። ፓፓያን እዚህ አስገባት። አባቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ!

የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው። መቁጠር የሚችል ሰው ሁሉ፣ ገበሬም ይሁን ተማሪ፣ የማያውቀውን ዕፅ ይዞ ቦታውን ሊያገኝለት ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ተቆጣ። በአንድ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ከአምስት፣ ከአሥር፣ ከሃያ ወንድ ጋር ትኖራለች ብሎ ለወጣት እንዴት ይነገራል አሉ። በሴንት ፒተርስበርግ ይኖር የነበረው ዚገስቤክ በ1737 ትምህርቱ ነውረኛ ነው፣ ፈጣሪም እንዲህ ያለ ዝሙት በዕፀዋት መካከል አይፈቅድም ብሎ ጻፈበት። የዚገስቤክ ስም ዛሬም ልብስ ላይ የሚጣበቅ የአንድ ተራ አረም መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ገምቱ።

እዚያው ሆላንድ ሳለ ክሊፎርድ የተባለ ሀብታም የአትክልት ቦታውን በኃላፊነት ሰጥቶት ነበር። በዚያ ብርድ አገር በመስታወት ቤት ሙዝ አሳበበ፤ መጀመሪያ ውኃ ነሥቶ ካደረቀው በኋላ እንደ ክረምት ዝናብ በብዙ ውኃ አጠጣው። ሰው ሁሉ ሊያይ ጎረፈ። ሙዝ እንኳ ጉደኛ ነው፤ የምንበላው ዓይነት ያለ ርክበ ብናኝ ያፈራል፣ ስለዚህ ዘር የለውም፣ የሚራባውም በተከላ ነው።

ወደ አገሩ ተመልሶ በ1739 አገባ፤ በ1741 የኡፕሳላ ፕሮፌሰር ሆነ። ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ የመምህር ሕይወት ነው። እኔን የማረከኝም ይኸው ክፍል ነው። ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማስነበብ ብቻ አልበቃውም። በየጊዜው ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ይሆናሉ። ለሜዳ የሚመች ቀላል ልብስ ይለብሳሉ፤ አንዱ ማስታወሻ ይይዛል፣ ሌላው ሥርዓት ያስከብራል። እሱ ደግሞ በየቦታው ቆሞ የተለቀመውን ያብራራል። ማታ ሲመለሱ በመለከትና በከበሮ እየጨፈሩ ከተማ ይገባሉ። አንዳንድ ፕሮፌሰሮች ሥነ ሥርዓት አበላሸ ብለው አጉረምርመዋል። በየዘመኑ የሚያጉረመርም አይጠፋም።

በ1753 የዕፀዋት ዓይነቶች የሚለው መጽሐፉ ወጣ፤ 6,000 የሚጠጉ ዕፀዋትን ሁለት ሁለት ስም ሰጥቶ መዝግቧል። ለእኛ ኢትዮጵያውያን ልብ የሚያቆስለው ነገር እዚህ አለ። ቡናን ኮፊያ አረቢካ አለው፤ የዓረብ ቡና ማለት ነው። የቡና ዛፍ በተፈጥሮው የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። አውሮፓውያን ግን ቡናን ያወቁት ከየመን በሚነሣው ንግድ በኩል ነበርና የነጋዴውን አገር የዛፉ አገር አደረጉት። አንዴ የወጣ ሳይንሳዊ ስም ደግሞ እንዲሁ አይቀየርም። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ እኛ ስናመርት ስሙ የሌላ ነው። በአንጻሩ ኑጋችን አቢሲኒካ የሚል ስም አለው፤ ይህን ያወጣለት የሊኔየስ ልጅ ነው። ስለዚህ ልጁ ያባቱን ዕዳ በጥቂቱ ከፍሏል ማለት እንችላለን።

ስሙ የተሳሳተ ይሁን እንጂ የቡናውን አበባ ግን በትክክል ቆጥሮታል። ከዝናብ በኋላ ነጭ ሆኖ የሚፈነዳውን፣ ሽታው ግቢውን የሚሞላውን አበባ አንሥታችሁ ብታዩ አምስት ቅጠል፣ አምስት ወንድ፣ ጫፏ ለሁለት የተከፈለ አንዲት ሴት ታገኛላችሁ። በማህፀኗ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ሁለት ናቸው፤ የቡና ፍሬ ስንፈለፍል ሁለት ገጽ ለገጽ የተኙ ፍሬዎች የምናገኘውም ለዚህ ነው። ይህ ቡናችን በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ይፀንሳል፤ ስለዚህ አንድ ዛፍ ብቻውን ጓሮ ውስጥ ቢቆም እንኳ ያፈራል። እንደ ፓፓያ አይደለም።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው አሥረኛ እትም የሰውን ልጅ በአራት ወገን ከፍሎ አፍሪካዊውን ሰነፍ፣ ተንኮለኛና በስሜት የሚገዛ አድርጎ ጻፈ። አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። አበባን ሳይከፍትና ሳይቆጥር አንድ ቃል የማይናገር ሰው፣ ስለ ሰው ሲሆን የሰማውን ወሬ እንደ ዕውቀት መዘገበ። ይህ ጽሑፉ ኋላ ለዘረኞች መደገፊያ ሆኖ አገልግሏል። በክፍላችን ስንከራከር ስለዚህ ጉዳይ ሰውየውን ጨርሶ ማጥናት የለብንም ያሉ ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሁለቱንም አብሮ ማስተማር ይሻላል ባይ ነኝ። ጫማ ሰፊ ይሁን ብለው በውጭ መልኩ የፈረዱበት መምህራን የሠሩትን ስሕተት እሱ ራሱ በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ላይ ደግሞታል።

በአበባ ጉዳይ ግን እስከ እርጅናው አልተኛም። ቢጫና ሐምራዊ አበባ ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ዘመዳሞች ዕፀዋት ወሰደ። የቢጫውን ብናኝ ጠርጎ ካነሣ በኋላ የሐምራዊውን ብናኝ ነሰነሰበት። ከዘሩ የበቀሉት በ1759 ሲያብቡ ሐምራዊ ሆነው ሥራቸው ቢጫ ነበር። እናትና አባት በአንድ አበባ ላይ በዓይን ታዩ ማለት ነው። ይህን ጨምሮ ስለ ዕፀዋት ፆታ የጻፈው ጥናት በ1760 ከሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ሽልማት አስገኘለት፤ ዚገስቤክ ነውረኛ ብሎ ከጻፈባት ከተማ።

ያልደረሰባቸው ነገሮችም አሉ። ነፍሳት የብናኝ መልእክተኞች መሆናቸውን በሰፊው ያሳዩት ከእሱ በኋላ የመጡት ኮልሮይተርና ሽፕሬንግል ናቸው። የእኛ ኑግ ለምሳሌ በራሱ ብናኝ አይፀንስም፤ ንብ ከሌለ ዘይት የለም። ጤፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አበባዋ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ናት፤ ገና ስትከፈት በራሷ ብናኝ ስለምትፀንስ ሁለት የጤፍ ዓይነት ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ኖሯል። በ1970ዎቹ ግን ታረቀ በርሄ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት። ከዚያ ወዲያ በእጅ ማዳቀል ተጀመረ፤ ከእኛ ከተማ ብዙም በማትርቀው በደብረ ዘይት፣ በአሁኗ ቢሾፍቱ፣ ሁለት ዓይነት ጤፍ ተዳቅሎ የተገኘው ቁንጮ የሚባለው ዘር በ2006 ለገበሬ ደረሰ። ሊኔየስ በቢጫውና በሐምራዊው አበባ ላይ ያደረገው ያው ብናኝ አንሥቶ ሌላ የመነስነስ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የጤፏ አበባ ማነስ ነው።

ሊኔየስ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹን ወደ ሩቅ አገር ልኳል፤ ያልተመለሱም አሉ። ከእነሱ አንዱ ፎርስኮል ከቀይ ባሕር ማዶ፣ የመን ውስጥ፣ በ1763 በወባ ሞተ። በ1774 ሊኔየስን ራሱን ሕመም መታው። እያደር ሰውነቱም አእምሮውም ደከመ፤ ለሺዎች ስም ያወጣው ሰው በመጨረሻ የራሱ ስም እስኪጠፋው ደረሰ ይባላል። ጥር 10 ቀን 1778 ኡፕሳላ ውስጥ በ70 ዓመቱ አረፈ፤ በከተማው ካቴድራልም ተቀበረ። ልጁም ብዙ አልቆየ፣ በ1783 ሞተ። ባለቤቱ የዕፅ ስብስቡንና መጻሕፍቱን ለአንድ እንግሊዛዊ ወጣት ሸጡ፤ ስብስቡም በ1784 በመርከብ ተጭኖ ወደ ለንደን ሄደ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ መቂ ስሄድ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ዘር ዘርተው ካበቀሏቸው ችግኞች መካከል አንዱ ረጅም ዘንግ ማውጣቱን አሳዩኝና ይሄ እንግዲህ ውኃ ይጠጣ አሉ።